ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት ሊኑክስ ሚንትን እንዴት ሞክረው ይጭናሉ?

ፒያሳ ወርደው ወረቀት ፕሪንት አስደርገው ሲመለሱ ፍላሽዎ ውስጥ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ጠብቆዎት ያውቃል? እኔ በዚህ ጣጣ ላፕቶፔን ሦስት ጊዜ ፎርማት አስደርጌያለሁ። በአራተኛው ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንኩ። ነፃ ነው፣ ክራክ አይፈልግም፤ ፋይሉን ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስም ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ እዚህ አይነሳም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

መጀመሪያ ፋይሎችዎን ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። ዊንዶውስዎ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፉ።

የመጫኛውን ፋይል ከሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ያውርዱ። 3 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ጥሩ ዋይፋይ ይፈልጉ። ራሙ 4 ጊጋባይት ለሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው እትም ይቀላል። ፋይሉን ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ሩፈስ በሚባል ነፃ ፕሮግራም 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይጻፉት። ፍላሹ ላይ የነበረው ይጠፋል።

ዊንዶውስን ሺፍት ተጭነው ይዝጉት። መልሰው ሲያበሩ የቡት ሜኑ (ኮምፒውተሩ ከምን ላይ እንደሚነሳ የሚመረጥበት ዝርዝር) ቁልፉን ደጋግመው ይምቱ፤ ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ነው። ፍላሹን ይምረጡ።

አሁን ሚንት ከፍላሹ ላይ ተነስቷል፤ ዊንዶውስዎ አልተነካም። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ዋይፋዩ ይገናኛል? ድምፁስ? ዋይፋዩ እምቢ ካለ ስልክዎን በኬብል ሰክተው ኢንተርኔቱን ያጋሩ፤ ጎደሎውን ድራይቨር (ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም) በኋላ በዚያው ያወርዱታል። የሠሩት ነገር ሲዘጉት እንደሚጠፋ ግን አይርሱ። በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠሩ ከሆነ ዊንዶውስን ከላፕቶፑ ላይ አያስወግዱ፤ ፒችትሪ ለሊኑክስ አልተሠራም።

ከወደዱት ዴስክቶፑ ላይ ያለውን መጫኛ ከፍተው «ከዊንዶውስ ጎን» የሚለውን ይምረጡ። «ዲስኩን አጥፋ» የሚለው ላይ እጅዎ እንዳያርፍ! ዲስኩ እየተከፈለ መብራት ከሄደ ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ ባትሪው ሙሉ ይሁን። የደከመ ባትሪ ከሆነ መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ይጫኑ።

በመጨረሻ አማርኛ። ሶፍትዌር ማኔጀር ውስጥ አይባስ ኤም17ኤን (ibus-m17n) የሚለውን የአማርኛ መጻፊያ ጭነው ከአካውንትዎ ይውጡና እንደገና ይግቡ፤ ከግቤት ዘዴዎቹ አማርኛ ሴራን (sera) ይጨምሩ። ቃሉ እንደሚሰማው በላቲን ፊደል ሲመቱት ወደ ፊደላችን ስለሚቀይረው፣ በላቲን ፊደል አማርኛ ቴክስት ለለመደ ሰው አያስቸግርም።