ጣሪያው ላይ ጤፍ የደረቀበት መኪና፦ በሞዴል ላይ ቪኒል ጣሪያ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በፈረንጆቹ 1960ዎቹና 70ዎቹ የወጡ የአሜሪካ መኪናዎችን በሞዴል፣ ማለትም በትንንሽ የፕላስቲክ አምሳያ፣ የሚገጣጥም ሰው፣ ይዋል ይደር እንጂ ከቪኒል ጣሪያ ጋር መፋጠጡ አይቀርም። የብረቱ ጣሪያ ላይ ቆዳ መሳይ ፕላስቲክ ይለጠፍና መኪናው ሸራው የሚታጠፍ ይመስላል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ፎርድ በ1962 ተንደርበርድ ላንዳውን ሲያወጣ፣ ማስመሰሉ እንዲሟላ ጣሪያውን ከኋላ በሚይዙት ምሰሶዎች ላይ የኤስ ቅርጽ ያለው የኒኬል ጌጥ ሁሉ ገጥሞበታል። የሚታጠፍ ነገር ግን የለም።

የመጀመሪያዬን ያበላሸሁት በቤኪንግ ሶዳ ነው። እርጥብ ቀለም ላይ በሻይ ማጥለያ ነፋሁበት፣ ሲደርቅ ትርፉን አራገፍኩና ጥቁር ደረብኩበት። ቪኒል እጠብቅ ነበር፣ የወጣልኝ ግን ገና ያልተዳመጠ አስፋልት ነው። ጓደኛዬ አገላብጦ አየውና «ጣሪያው ላይ ጤፍ ደርቆበታል እንዴ?» አለኝ። ስቄ አለፍኩት። ማታ ሳስበው ግን ትክክል ነበር።

ሒሳቡን እንሥራው። የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሞዴሉ 1/25 ከሆነ፣ ማለትም ከእውነተኛው መኪና በ25 እጥፍ ካነሰ፣ በ25 አባዙት፤ 2.5 ሴንቲሜትር መጣ። በእውነተኛው መኪና ላይ ባቄላ የሚያህል ጉብታ ማለት ነው! አሁን ደግሞ ወደኋላ እንሂድ፦ የእውነተኛው ቪኒል ጉብጉብታ 1 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በሞዴሉ ላይ 0.04 ሚሊሜትር ይሆናል። ከፀጉር የቀጠነ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ይህ ነው፦ ጉብጉብታው እንዲታይ መፈለግ። መታየት የለበትም፤ ብርሃኑን ትንሽ ከሰበረው በቂ ነው። በዚህ መጠን ዓይን ቪኒልነቱን የሚያውቀው ከስፌቱ፣ ከአብረቅራቂነቱ ልክና ከጠርዙ ነው።

ታዲያ ያን ያህል የደቀቀ ነገር ከየት ይመጣል? ከቀለሙ ከራሱ። ሁላችንም ስፕሬይ የተማርነው ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ርቀት ይዘን፣ ቀለሙ እርጥብ ሆኖ አርፎ ራሱ እንዲለሰልስ ነው። እዚህ ተቃራኒውን አድርጉ። የስፕሬዩን ቆርቆሮ 35 ወይም 40 ሴንቲሜትር አርቁና ማት (የማያብረቀርቅ) ቀለም በስሱ ንፉበት። ጠብታዎቹ አየር ላይ ግማሽ ደርቀው ስለሚደርሱ አይዋሃዱም፣ እንደ ዱቄት ተቀምጠው ይቀራሉ። በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አትቸኩሉ፤ ሦስት አራት ጊዜ፣ በየመሀሉ እያስደረቃችሁ። ቀለሙ ከራቀ ስለሚበተን ከጣሪያው በታች ያለውን ቦዲ በሙሉ፣ ኮፈኑንም ጭምር፣ በፕላስቲክ ሸፍኑ። አለበለዚያ ቪኒል በር ያለው መኪና ይኖራችኋል።

መለማመጃው የፕላስቲክ ማንኪያ ነው። ጀርባው እንደ ጣሪያ ጎበጥ ያለ ነው፣ ዋጋውም ከቁብ አይገባም። እኔ አሁንም ሞዴሉን ከመንካቴ በፊት ሁለት ማንኪያ እቀባለሁ።

በአንድ ወርድ ፕላስተር መሸፈን

ሁለተኛው መንገድ የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር ነው፤ ያ ሸብሸብ ያለው፣ ርካሹ። ለሞዴል ተብሎ የሚሸጠው ለስላሳው ለዚህ አይሆንም። የሐኪም ቤቱ ነጭ የወረቀት ፕላስተርም ጥሩ ይወጣል። ስህተቱ የሚመጣው ሰፊ ፕላስተር ገዝቶ ጣሪያውን በአንድ ቁራጭ ለመሸፈን ሲሞከር ነው። ጣሪያ በሁለት አቅጣጫ ስለሚጎብጥ ወረቀቱ ማዕዘኑ ላይ መጨማደዱ አይቀርም፤ የተጨማደደውን በምላጭ ብትቆርጡት ደግሞ ጠባሳው ይታያል።

መፍትሔው ፋብሪካው ያደረገውን ማድረግ ነው። አብዛኛው ቪኒል ጣሪያ ከሦስት ቁራጭ የተገጣጠመ ነው፦ አንድ የመሀል፣ ሁለት የጎን። ስለዚህ ፕላስተሩንም ሦስት ቦታ ቁረጡት። መጀመሪያ የጎኖቹን ከምሰሶው ጋር አውርዱ፣ ከዚያ መሀለኛውን ከላይ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል እንዲደርባቸው አድርጋችሁ ለጥፉ። የተደረበው መስመር ራሱ ስፌት ሆኖ ቁጭ ይላል። ጥጋጥጉን በስቴኪኒ ጎን እያሻሻችሁ አስገቡት። በደንብ ሲያዝ ስስ ክሊር (ቀለም የሌለው ቫርኒሽ) ንፉበትና ቀለሙን ከዚያ በኋላ አምጡ። ይህን ክሊር የዘለልኩበት አንድ ሞዴል አለኝ፤ መስኮት ዳር ስለሚቀመጥ በስድስት ወሩ የፕላስተሩ ጫፍ ከፓራብሬዛው በላይ ብድግ አለ። እስካሁን ብድግ እንዳለ ነው፣ ለመንካት ፈራሁ።

ስፌቱን መርሳት፣ ወይም የትም ማስመር

በስፕሬዩ መንገድ የሄደ ሰው ስፌቱን ለብቻው መሥራት አለበት። ሁለት መስመር ነው፤ ከፊት መስታወት ተነስቶ ወደ ኋላ መስታወት ይሄዳል። አንዳንዱ በመሀል አንድ መስመር ያሰምርና ጣሪያው የዳቦ ቆረጣ ይመስላል። የእውነተኛው ስፌት ወርድ 1 ሴንቲሜትር ቢሆን ለእኛ 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ የኪቱ (የሚገጣጠመው የሞዴል ዕቃ) ክፍሎች ተያይዘው የሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም በሻማ ሙቀት ተስቦ ሲቀጥን ልክ ይመጣል። ቀለሙ ከመነፋቱ በፊት ይለጠፍ። ልብስ ስፌት ክር አትሞክሩ፣ ፀጉሩ ይቆማል።

ደግሞ ፎቶ ሳያዩ አይጀመርም። ሙሉ ጣሪያውን የሚሸፍን አለ፣ የኋላ ግማሹን ብቻ የሚሸፍን አለ፣ ዳር ዳሩን ቀለም አስቀርቶ መሀሉን የሚሸፍንም አለ። ፕሊመዝ በ1969 ለባራኩዳ አበባ የታተመበት ቪኒል አቅርቦ ነበር፤ እሱን የመረጠ ሰው የአበባ ዲካል (ተለጣፊ ሥዕል) ይፈልግ፣ የቀለም ብልሃት አያድነውም።

ጥቁሩ በጣም ጥቁር ሲሆን

ንጹሕ ማት ጥቁር የተቀባ ጣሪያ ከሰል ይመስላል። ቪኒል ተወልውሎ የሚውል ነገር ስለሆነ ትንሽ ያብለጨልጫል፣ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ጥቁርነቱ ወደ ግራጫ ያደላል። ማቱን እንደ መሠረት ተጠቀሙበት፣ በመጨረሻ በጣም ጠቆር ያለ ግራጫ ከዚያም ስስ ከፊል አብረቅራቂ ክሊር ንፉ። ነጩም እንዲሁ ነው፤ ጠብታ ክሬም ቀለም ካልገባበት ፍሪጅ ይመስላል።

ቅደም ተከተሉን ማዛባት

ቦዲው ይቀባ፣ ክሊሩ ይነፋ፣ ይወልወል፣ ከዚያ ጣሪያው ይሠራ። ገልብጦ የሠራ ሰው የመወልወያው ቅባት ጉብጉብታው ውስጥ ገብቶ ነጭ ሆኖ ይደርቅበታል፤ በጥርስ ብሩሽም በደንብ አይወጣም። አንጸባራቂ ክሊር መኪናውን በሙሉ ከላይ መንፋትም ጣሪያውን ይገድላል።

ሌላው የማይነሳ ነገር፦ ብዙ ኪቶች ጣሪያው ላይ ጉብጉብታው ታትሞባቸው ይመጣሉ። ሰዎች ይህን ሳያዩ በብርጭቆ ወረቀት ያሹታል፣ ወይም በወፍራም ፕራይመር (ከቀለም በፊት በሚነፋው ንብርብር) ይደፍኑታል። ካለ አትንኩት፣ ፕራይመሩንም ስስ አድርጉት።

ጠርዙን ክፍት መተው

ቪኒል ቀለሙ ላይ ዝም ብሎ አያልቅም። ጫፉ ከኒኬል ጌጥ ስር ይገባል። ይህ ለእኛ ስጦታ ነው፣ ምክንያቱም የሸፈንበት ፕላስተር ትንሽ ጠምዘዝ ቢል ኒኬሉ ይደብቀዋል። መሸፈኛውን ከመሳባችሁ በፊት ግን ጠርዙን በአዲስ ምላጭ ቀለል አድርጋችሁ አስምሩት፤ የደረቀ ወፍራም ቀለም ካልተቆረጠ አብሮ ተልጦ ይነሳል። ከዚያ ተለጣፊ የብረት ፎይል በቀጭኑ ቆርጣችሁ መስመሩ ላይ አሳርፉት። በመስታወቶቹ ዙሪያም እንዲሁ። ፎይሉ ሁልጊዜ የመጨረሻው ሥራ ይሁን።

አሮጌ መኪና ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ጣሪያውን በሙሉ ያቆሽሸዋል። እውነተኛው የሚበላሸው እንደዚያ አይደለም። ውኃ ከቪኒሉ ስር ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ ብረቱን ከስር ይበላዋል፤ በተለይ በኋላ መስታወት ታችኛው ጥግ አካባቢ። ከላይ የሚታየው ዝገቱ ሳይሆን ያበጠው ቪኒል ነው። ቀለም ከመነፋቱ በፊት እዚያ ጥግ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ነጭ የእንጨት ኮላ በስቴኪኒ ጫፍ አስቀምጡና ይድረቅ፤ ፎይሉ ከገባ በኋላ በኒኬሉ ጠርዝ ስር አንድ ጭረት ቡናማ ቀለም ብቻ ጨምሩበት።