መኪኖቹ የት ገቡ? የሚድጀት ውድድር ችግርና መፍትሄ

ሚድጀት ትንሽ የውድድር መኪና ናት። ግማሽ ቶን አትሞላም። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሯ ግን ከ300 እስከ 400 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ሞቶሪኖ የላትም፤ ከኋላ በሌላ መኪና ተገፍታ ነው የምትነሳው። የምትጠጣው ሜታኖል የሚባል አልኮል ነው። ውድድሩ በ1933 አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከተጀመረ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ብዙ ትልልቅ ሾፌሮች እጃቸውን ያፍታቱት በእሷ ነው። ጄፍ ጎርደን በ1990፣ ቶኒ ስቱዋርት በ1994 እና በ1995 የዩሳክ (የአሜሪካ የመኪና ውድድር ማኅበር) የሚድጀት ሻምፒዮን ነበሩ።

ውድድሩን የሚወድ ሰው ቅዳሜ ማታ በሩ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ‘ዛሬ ስንት መኪና መጣ?’ ብሎ ነው። መልሱ በየዓመቱ እያነሰ ከሄደ የሆነ ቦታ የተበላሸ ነገር አለ። መኪና ሲበላሽ ከምልክቱ ተነስተን ወደ መንስኤው እንደምንሄድ፣ እዚህም እንደዚያው እናድርግ።

ምልክት 1፦ ተመልካቹ አለ፣ መኪናው ግን ቀነሰ

ለምሳሌ አምና 24 የነበረው ዘንድሮ 14 ሆነ እንበል። ብዙ አዘጋጆች ወዲያው ሽልማት ይጨምራሉ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የቀሩትን ባለመኪኖች አንድ በአንድ ደውላችሁ ‘መኪናህ አሁን ምን ሁኔታ ላይ ነው?’ በሏቸው። ብዙውን ጊዜ የምትሰሙት ‘መኪናው ደህና ነው፣ ሞተሩ ወርዷል’ የሚል መልስ ነው።

መንስኤው እዚህ ጋ ነው። አዲስ የውድድር ሞተር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ቤተሰብ ተረዳድቶ የሚያሯሩጠው መኪና ያለው ሞተር አንድ ብቻ ነው። እሱ ለእድሳት ከወረደ መኪናው ጋራዥ ውስጥ ቆመ ማለት ነው። ሞተሩ ቶሎ ቶሎ የሚወርደው ደግሞ በደቂቃ በሚዞረው ዙር ብዛት ነው። ፒስተኑንና እሱን የሚይዘውን ዘንግ፣ ቢየላውን፣ የሚወጥረው ኃይል በዙሩ ካሬ ያድጋል። ዙሩን 10 በመቶ ከፍ ስታደርጉ ጫናው 21 በመቶ ይጨምራል። በደቂቃ ጥቂት መቶ ዙር ለመጨመር ሲባል የሞተሩ እድሜ ያጥራል፣ የእድሳቱ ሂሳብም ይከመራል።

ስለዚህ ደንብ ስትጽፉ የሞተሩን መግዣ ዋጋ ለመገደብ አትሞክሩ። የውሸት ደረሰኝ እንዴት እንደሚሠራ ሁሉም ያውቀዋል። የዙሩን ጣሪያ ገድቡ፣ የኮምፕሬሽን ልኩን (ሲሊንደሩ ውስጥ የገባው ምን ያህል እንደሚታመቅ) ገድቡ። ሁለቱም በመሣሪያ ይለካሉ። ሞተሩ ሳይወርድ ብዙ ማታ እንዲሮጥ የሚያደርጉትም እነዚህ ናቸው። እኔ ብጠየቅ ‘ይህ ሞተር ስንት ያወጣል?’ ከሚለው በፊት ‘ሳይወርድ ስንት ማታ ይሮጣል?’ የሚለውን አስቀድማለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ደንቡን በየዓመቱ አትነካኩ። ዘንድሮ ተበድሮ ሞተር የገዛ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሞተሩ ከደንብ ውጭ ከሆነበት ተመልሶ አይመጣም። ለውጥ ግድ ከሆነ ቢያንስ ሁለት የውድድር ወቅት አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ምልክት 2፦ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው አንድ ዓይነት ሞተር ነው

ይህ በሽታ የቆየ ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ ኦፈንሃውዘር የሚባለው ሞተር መጣ። ሰዉ በቁልምጫ ‘ኦፊ’ ይለዋል። 97 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 1.6 ሊትር አካባቢ ነው። ለውድድር ተብሎ የተሠራ ስለነበር ውድ ነው፣ ያሸንፋልም። አቅም የሌለው ሰው ከፎርድ መኪና ላይ ትንሹን ቪ8 አውርዶ ይገጥም ነበር። ይህ ፎርድ 136 ኪዩቢክ ኢንች ቢሆንም ከፋብሪካ ሲወጣ 60 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ማኅበር ያገኘው መፍትሄ ለሁለት መክፈል ነበር። ኦፊ ያላቸው ‘ሰማያዊ’ በሚባለው ምድብ፣ ሌሎቹ ‘ቀይ’ በሚባለው። ያኔ መኪናው እንደ ልብ ስለነበር ሁለቱም ሜዳ ይሞላ ነበር። ዛሬ 16 መኪና ይዛችሁ ብትከፍሉት ስምንት ስምንት ይደርሳችኋል። ስምንት መኪና ለማየት ደግሞ ማንም ቲኬት አይቆርጥም።

መኪናው ጥቂት ከሆነ የሚሻለው በአንድ ሜዳ አቆይቶ ማመጣጠን ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ከላይ ቴስታታው ላይ ያለ ሞተር አየር በደንብ ስለሚስብ ከፍ ያለ ዙር ላይ ይደርሳል። ካምሻፍቱ ከታች ሆኖ ቫልቩን በዘንግ ለሚገፋው የቆየ ዓይነት ደግሞ ተለቅ ያለ ሊትር ይፈቀድለታል። ያም ካልበቃ ክብደት አለ። የሚያሸንፈው መኪና ላይ 10 ወይም 15 ኪሎ እርሳስ ይጨመር። ሚዛን ላይ ማስቀመጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ማንንም አዲስ ሞተር አያስገዛም።

ምልክት 3፦ ርካሹ ሞተር ድንገት በረረ

ነሐሴ 1950 ላይ ሾፌሩ ሮጀር ዋርድ የባለመኪናውን የቪክ ኤድልብሮክን ባለ ፎርድ ሚድጀት ይዞ ሎስ አንጀለስ ጊልሞር ስታዲየም ገባና ኦፊዎቹን አሸነፈ። በማግስቱ ሳን በርናርዲኖ ላይ ደገመው። ምስጢሩ ነዳጁ ውስጥ ነበር፤ ጉልበት የሚጨምር ናይትሮሜቴን የሚባል ነዳጅ ተቀላቅሎበታል። መቼም ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ደካማው ጉልበተኛውን ጣለ። አዘጋጅ ግን ሌላም ነገር ያይበታል። የሞተር ደንባችሁ የቱንም ያህል ጥብቅ ቢሆን፣ ነዳጁን ካልመረመራችሁ ገንዘቡ በዚያ በኩል ይሾልካል። ከውድድሩ በኋላ ከአሸናፊዎቹ ታንከር ናሙና ውሰዱ። ይኸው ነው።

ምልክት 4፦ አገሩ ሙሉ ሞተር አለ፣ ደንቡ ግን አያስገባውም

እኛ ‘ቮልስ’ የምንላትን መኪና አስቡ። ኋላዋ ላይ ያለው በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የሚድጀት ዋና ሞተር ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የስንቱ መካኒክ እጅ የተፍታታበት ሞተር በጥልቀት ተሻሽሎ አሜሪካ ውስጥ ዋንጫ ይበላበት ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ሌሎች ደግሞ የሸቭሮሌ ቪ8 ሞተርን ግማሽ ወስደው ባለ አራት ሲሊንደር ሠሩ። ሰው በአካባቢው የሚገኘውን ዕቃ ሲጠቀም መኪና ይበዛል። ደንባችሁ ከፋብሪካ የሚወጣን ተራ ሞተር በር ላይ የሚመልስ ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ምልክት 5፦ ርካሽ ምድብ ከፈትን፣ ዋናው ምድብ ሳሳ

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዩሳክ የታሸገ የፎርድ ፎከስ ሞተር ያለው የጀማሪዎች ሚድጀት አምጥቶ ነበር። ማሸግ በራሱ ጥሩ ሐሳብ ነው። ሞተሩን መነካካት ስለማይቻል ወጪው ይታወቃል። አደጋው ሌላ ነው። የርካሹ ምድብ መኪና ወደ ዋናው የሚያልፍበት መንገድ ከሌለው ያላችሁን ሰው ለሁለት ከፈላችሁት ማለት ነው። የታሸገ ሞተር ያላት መኪና ክብደት ተቀንሶላት ከዋናው ጋር እንድትሮጥ ፍቀዱ። መጨረሻ ብትወጣም ትሩጥ፤ ልጁ ይማርባታል።

ምልክት 6፦ ቱልሳ ላይ ከ300 በላይ፣ እኛ ጋ 15

ቺሊ ቦውል የሚባለው የሚድጀት ውድድር ከ1987 ጀምሮ ኦክላሆማ፣ ቱልሳ ከተማ አዳራሽ ውስጥ በጥር ይካሄዳል። የትራኩ አፈር አዳራሽ ውስጥ ይነጠፋል፣ ከ300 በላይ ሚድጀት ይመጣል። ‘ሽልማቱ ትልቅ ስለሆነ ነዋ’ እንዳትሉ፣ ለረጅም ዓመታት አሸናፊው የሚወስደው 10,000 ዶላር ነበር። አዲስ ሞተር አይገዛም።

ታዲያ ለምን ይመጣሉ? አንደኛ፣ ወቅቱ ሌላው ውድድር የተዘጋበት ነው፤ የሚጋጭ ቀን የለም። ሁለተኛውን ግን ብዙዎች አያነሱትም። ትራኩ አጭር ነው፣ ማታው እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ያንሸራትታል። ጎማው መሬቱን መያዝ ካልቻለ ትርፉ የፈረስ ጉልበት ጎማ ከማሽከርከር ውጪ አይጠቅምም። የቆየ ሞተር የያዘ ጎበዝ ልጅ ውድ ሞተር የያዘውን የሚያልፍበት ዕድል አለው። ያንን ዕድል ስለሚያውቅ መኪናውን ጭኖ ይመጣል።

እናንተ አዳራሽ ላይኖራችሁ ይችላል። ትራክ ግን አላችሁ። ቀመሩ ቀላል ነው። ረጅምና ጎማ የሚያጣብቅ ትራክ ሞተር ይሸልማል፤ አጭርና የሚያንሸራትት ትራክ እጅ ይሸልማል። ስለዚህ የሞተር ደንብ ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት ውሃ የሚያጠጣውንና አፈሩን የሚያርሰውን ሰው አነጋግሩ። በማጣሪያ ውድድሮቹ ላይ እርጥበቱ ይኑር፣ ዋናው ውድድር ሲደርስ አፈሩ ከዳር እስከ ዳር ይንሸራተት፣ ማለፊያ መስመሩም ከአንድ በላይ ይሁን። ሦስት አራት ሳምንት እንዲህ አድርጋችሁ በሩ ላይ መኪናውን ቁጠሩ።