ፈረሳችሁ ናቪኩላር አለበት ከተባለ

ጃን ሜዳ አካባቢ ፈረስ የምትይዙ፣ ይቺን ልብ በሉልኝ። ሐኪም «ናቪኩላር ነው» ሲላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በፊት እግሮች ሰኮና ውስጥ ነው። ወደ ተረከዙ በኩል ያለችው ትንሽ አጥንትና ከኋላዋ የሚያልፈው ጅማት ይጎዳሉ። ጨርሶ መዳኑ ይከብዳል፤ በደንብ ከተያዘ ግን ብዙ ፈረስ ለዓመታት ይሠራል።

ዋናው ነገር የሰኮናው አቆራረጥ ነው። ጫፉ ሲረዝም ጅማቱ ይወጠርና አጥንቷን ይጫናታል። ስለዚህ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ይከርከም፤ ጫፉ አጠር፣ ተረከዙ ደገፍ ያለ ይሁን። ጫማ የሚመታለት ከሆነ፣ መቺውና ሐኪሙ ራጁን አብረው ቢያዩት እመርጣለሁ። ጠባብ ጫማ ተረከዙን ይጨፈልቀዋል።

አረማመዱን ከጎን ሆናችሁ እዩት። የታመመ ፈረስ በሰኮናው ጫፍ ቀድሞ ይረግጣል፣ እርምጃውም ያጥራል። አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ፣ በተለይ በጠባቡ ሲዞር ይብስበታል። እናም ሶምሶማውን ለሣሩ ሜዳ ተዉለት። መንገድ ላይ በእርምጃ ብቻ፣ ቀጥ ብሎ ይሂድ። ቀኑን ሙሉ ጋጣ ውስጥ ማሰርም አይበጀውም፤ በየቀኑ ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ። ገብሱን አታብዙበት፣ ክብደት ሲጨምር የሚሸከመው ያው እግሩ ነው።

ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በፍጹም አትስጡ። ሕመሙ ሲደበቅ ፈረሱ ከአቅሙ በላይ ይሮጣል። መድኃኒቱ ሲበዛ ደግሞ ጨጓራውን ያቆስላል።