የጋራ የአካባቢ መረጃ ቋት ስትገነቡ ከሰርቨሩ አትጀምሩ

አንድ ጊዜ የሁለት ላቦራቶሪዎችን የወንዝ ውሃ ውጤት አንድ ላይ አዋሃድኩ። ግራፉ ላይ ናይትሬቱ ድንገት ቁልቁል ወረደ። ወንዙ የጸዳ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካ አንደኛው ላብ የሚመዘግበው ናይትሬቱን ሙሉውን ነው፤ ሌላኛው ደግሞ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ። ልዩነቱ 4.43 እጥፍ ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው 50 ሚሊግራም በሊትር እንኳ በናይትሮጅን ሲሰላ 11 አካባቢ ይሆናል። ሁለቱም ፋይሎች ላይ ግን የተጻፈው «ናይትሬት፣ ሚሊግራም በሊትር» የሚል ብቻ ነበር። ሁለቱም ላቦች በትክክል ነበር የለኩት።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዎቹን ሰብስቡ። ናሙና የሚቀዱትን፣ ላብ ውስጥ የሚሠሩትን፣ ከውጤቱ ተነስተው የአካባቢ ግምገማ ሪፖርት የሚጽፉትን፣ ውሃውን የሚጠጡትንም ጭምር። ምን እንደተለካ፣ በምን መልክ እንደሚገለጽ፣ አሃዱንና ዘዴውን የሚናገር አንድ ገጽ አብራችሁ ጻፉ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሳምንታት ቢፈጅም ግን አይቆጫችሁም።

ቁጥር ብቻውን ወደ ቋቱ አይግባ። ቦታው፣ ሰዓቱ፣ መሣሪያው፣ መሣሪያው መቼ እንደተስተካከለ አብረውት ይግቡ። ቀን ስትጽፉ 2024-03-05 በሉ፤ 3/5ን አንዱ ማርች 5፣ ሌላው ሜይ 3 ብሎ ያነበዋል።

ባዶ ሳጥን ላይ በጣም ተጠንቀቁ። «አልተለካም» እና «መሣሪያው ሊያየው ከሚችለው በታች ነው» ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሰው ሁለቱንም ዜሮ ብሎ ይሞላል። ያኔ ያልተለካው ወር ንጹሕ ወር ሆኖ አማካዩ ውስጥ ይገባል። ለየብቻ ኮድ ስጧቸው፤ የመሣሪያውን የታች ወሰንም ጻፉ።

የመጀመሪያውን ውጤት በምንም ምክንያት አትሰርዙ። እርማት ካለ አዲስ ቅጂ ይውጣ፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳረመ ይጻፍበት። ስሌትም ይለወጣል። በ100 ዓመት ስሌት የሚቴን ጋዝ ምድርን የማሞቅ አቅም በአይፒሲሲ (የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ የሳይንስ ቡድን) አራተኛ ሪፖርት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 25 እጥፍ ነበር፤ በአምስተኛው 28 ሆነ። የተለካውን ሚቴን በኪሎግራም ካስቀመጣችሁት በየትኛውም ጊዜ እንደገና ታሰሉታላችሁ። በ25 ወይም በ28 ተባዝቶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀየረውን ውጤት ብቻ ካስቀመጣችሁ፣ በየትኛው ቁጥር እንደተባዛ የሚነግራችሁ አታገኙም።

የጋራ ማለት ሁሉም ነገር ለሁሉም ክፍት ነው ማለት አይደለም። ሊጠፋ የተቃረበ ወፍ ጎጆ የት እንዳለ አደባባይ አይወጣም። ማን ምን እንደሚያይ፣ ፈቃድ የሚሰጠውም ማን እንደሆነ ቀድማችሁ ተስማሙ።

በአንድ ወንዝና በአንድ በካይ ጀምሩ። ከዚያ ከቡድናችሁ ውጭ ላለ ሰው ከሪፖርቱ አንድ ቁጥር ስጡትና ናሙናው እስከተቀዳበት ጠርሙስ ድረስ ወደኋላ ይከተለው። አጠገቡ ቁጭ በሉ፤ አታግዙት። ጥያቄ ሊጠይቃችሁ ዞር ባለ ቁጥር፣ የጠየቀው ነገር ቋቱ ውስጥ የጎደለ ዓምድ ነውና ጻፉት።