ታዋቂ ድምፃዊ ፊታችሁ ሲቀመጥ የምትሳሳቱት

ፎቶ አንሺዎች ሆይ፣ «እንጀምር» እስክትሉ ድረስ ሥራው ያልተጀመረ ይመስላችኋል። ከስህተቶቻችሁ ሁሉ የማልታገሠው ይህን ነው። መብራት ስታቆሙ፣ ሌንስ ስትጠርጉ፣ በድምፃዊው ፊት ላይ የሚያልፈውን አታዩም። ከዚያ «ወደዚህ ይመልከቱ» ትላላችሁ፤ እርሱም ለፖስተር የለመደውን ፊት ያወጣላችኋል። ያንን ፊት አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ እናንተ ለምን ታስፈልጋላችሁ?

አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ አኒ ሊቦቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1970 የቢትልሱን ድምፃዊ ጆን ሌነንን ሮሊንግ ስቶን ለተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት ስታነሳ የ21 ዓመት የሥነ ጥበብ ተማሪ ነበረች። ብርሃን እየለካች ሳለ ሌነን ቀና ብሎ ትክ ብሎ አያት፤ እርሷም አነሳችው። ያ ምስል በጥር 1971 የመጽሔቱ ሽፋን ሆነ። በ1973 የመጽሔቱ ዋና ፎቶ አንሺ ሆነች።

እኔም ይህንኑ ስህተት ሠርቻለሁ። አንድ አንጋፋ ድምፃዊ መብራቴን ሳስተካክል ማሲንቋቸውን ታቅፈው ጭራውን በጣታቸው ይዳብሱ ነበር። አይቻለሁ፤ ግን «ይህን ልጨርስ» አልኩ። ስጨርስ ማሲንቆው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ለመንኳቸው፤ አወረዱት፤ ያ ፊት ግን አልተመለሰም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የመሣሪያ ክምር ይዛችሁ አትሂዱ። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ሮበርት ሜፕልቶርፕ በ1975 የሮክ ድምፃዊቷን የፓቲ ስሚዝን የመጀመሪያ አልበም ሽፋን ያነሳው በመስኮት ብርሃን ነው፤ አሥራ ሁለት ያህል ጊዜ ብቻ አንስቶ አበቃ።

ከሥራው በፊት ከድምፃዊው ጋር አብራችሁ ፎቶ ለመነሳት አትጠይቁ። ምስሉ የማን እንደሆነና የት እንደሚወጣ ሳትፈራረሙ ካሜራ አትክፈቱ።

ቤት ሆናችሁ ያለማችሁትን ምስል የሙጥኝ አትበሉ። ሊቦቪትዝ ታኅሣሥ 8 ቀን 1980 ወደ ሌነን ስትመለስ ባልና ሚስቱን ራቁታቸውን ለማንሳት አስባ ነበር። ሚስቱ ዮኮ ኦኖ ሱሪዋን ማውለቅ አልፈለገችም። ሊቦቪትዝም አልተከራከረችም፤ እንደለበሰች እንድትሆን ነገረቻት። ራቁቱን የሆነው ሌነን የለበሰችውን ሚስቱን እንደ ሕፃን ተጠቅልሎባት የሚታየው ምስል የተገኘው እንዲህ ነው። የአሜሪካ መጽሔት አርታኢዎች ማኅበር በ2005 ያለፉት 40 ዓመታት ምርጥ ሽፋን ብሎ መረጠው።

ምስሉን ለተነሳው ሰው ማሳየትንም ለነገ አታሳድሩ። ሌነን የሙከራውን ፖላሮይድ፣ ማለትም ወዲያው የሚታተመውን ፎቶ፣ እዚያው አይቶ ከሚስቱ ጋር ያለውን ግንኙነት በትክክል እንደያዘችው ለሊቦቪትዝ ነግሯት ነበር። በዚያው ምሽት በመኖሪያ ሕንፃው በር ላይ ተገደለ። ሽፋኑ በጥር ወር ሲወጣ እርሱ አልነበረም።