የቆየ ፊያት ስፖርት መኪናን በአነስተኛ ወጪ ሲያሻሽሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ በደሴ ከፍታ ለሚያሽከረክሩ

ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ እ.ኤ.አ. በ1967 ለገበያ ሲቀርብ 1438 ሲሲ የሆነው ሞተሩ 90 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ይህ ቁጥር ለባሕር ወለል አየር የተሰላ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ አንድ አራተኛ በሚጠጋ መጠን ያንሳል፤ በመሆኑም አንዳች ብልሽት የሌለበት ሞተር እንኳ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ሲደርስ ጉልበቱ ወደ 70 ገደማ ይወርዳል። እንዲህ ያለ መኪና የያዝን ሰዎች ገንዘባችንን የምናባክነው አብዛኛውን ጊዜ ይህን አንድ ነገር ሳንመዝን ስለምንነሳ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት የሞተሩን ጤንነት ሳያረጋግጡ ጉልበት ለመጨመር መሞከር ሲሆን፣ ከእርሱ የማይተናነሰው ደግሞ ጤነኛውን ሞተር እንደታመመ ቆጥሮ መበተን ነው። የኮምፕሬሽን መለኪያ (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት የሚለካው) በደሴ የሚያሳየው ቁጥር በአየሩ መሳሳት ምክንያት በጥገና መጽሐፉ ላይ ካለው ዝቅ ማለቱ አይቀርም፤ መጽሐፉ 12 ባር ቢል እዚህ 9 ባር ገደማ ማግኘት የሚያስደነግጥ አይደለም። መታየት ያለበት በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ልዩነቱ ከመቶ አሥር ካልበለጠ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ለመቀየር ብሎ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ማውረድ ያለ ምክንያት የሚወጣ ወጪ ነው። በዚያ ፈንታ መጀመሪያ መቀየር ያለበት ከላይ ያሉትንና ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ሁለት ካም ሻፍቶች የሚያዞረው ባለጥርስ የጎማ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ብዙ ባይሠራም በዕድሜ ብቻ ይደርቃል፤ ሲበጠስ ደግሞ ቫልቮቹ ተጋጭተው ይጣመማሉ፤ ያኔ የሚጠየቀው ገንዘብ ለማሻሻያ ከታሰበው ሁሉ ይበልጣል።

ሁለተኛውና በእኛ አገር ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ትልቅ ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ክፍል) መግጠም ነው። ሞተሩ በደሴ የሚያጥረው አየር እንጂ ቤንዚን አይደለም። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር ወደዚህ ከፍታ ሲወጣ ነዳጁን ከአየሩ አንጻር ከመቶ ከአሥር በላይ ያበዛዋል፤ ምልክቶቹም የጠቆረ ካንዴላ (እሳት የሚረጨው ክፍል)፣ የማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ጥቀርሻ፣ ጠዋት ጠዋት የሚሸት ቤንዚንና ያለ መጠን የሚጨምር ፍጆታ ናቸው። መድኃኒቱ ትንሽና ርካሽ ነው፤ ነዳጁ የሚያልፍበትን ዋና ጀት በአንድ ደረጃ ማሳነስ ይበቃል። በዌበር ካርቡራተር ጀት ላይ የሚጻፈው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚገልጽ ስለሆነ 120 የሚል የተቀረጸበት ጀት 1.20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለው ማለት ነው፤ ለደሴ በ115 ቢተካ ስሌቱ ይቀራረባል። ቀዳዳውን በብየዳ ደፍኖ እንደገና መብሳት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የመቶኛ ሚሊ ሜትር ሥራ በእጅ መሰርሰሪያ አይሠራም። የወጣው ጀት ደግሞ መጣል የለበትም። እስከ ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ሰው ትንሹ ጀት ችግር አያመጣም፤ ከባቲ አልፎ ወደ ሚሌ ቆላ የሚወርድ ሰው ግን አየሩ ስለሚወፍር ነዳጁ ያንስበታል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ፒስቶን እስከ መቅለጥም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የፊተኛው ጀት ከጉዞው በፊት ወደ ቦታው መመለስ አለበት።

ማቀጣጠያውን በጆሮ ብቻ ማስተካከል ከዚሁ ጋር የተያያዘ ስህተት ነው። ስስ አየር ውስጥ ነዳጁ ቀስ ብሎ ስለሚቃጠል እሳቱ ከመጽሐፉ ልክ ከሁለት እስከ አራት ዲግሪ ቀደም ቢል ሞተሩ ይነቃቃል፤ ይህ ግን በመብራት መለኪያ ታይቶ የሚሠራና ወደ ቆላ ሲወረድ የሚመለስ ነው። ገንዘብ ካለ ፑንቲናውን (የማቀጣጠያውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠውን ነጥብ) በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ መተካት ከማንኛውም የሚያብረቀርቅ ዕቃ በፊት ሊመጣ የሚገባው ማሻሻያ ነው።

ቴርሞስታትን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዘውን ክፍል) አውጥቶ መጣልን ብዙ መካኒኮች እንደ ብልሃት ያዩታል፤ እኔ ግን በብርቱ እቃወመዋለሁ። በደሴ ብርድ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር የሥራ ሙቀቱ ላይ ለመድረስ እጅግ ይዘገያል፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ሲሊንደሩም ይበላል። መኪናው የሚፈላ ከሆነ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት የራዲያተሩ ክዳን ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ንፍሮ ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ ይልቅ ለመብሰል የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጤነኛ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ100 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፤ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ውሃውን በ92 ዲግሪ እንዲፈላ ይተወዋል። እንዲህ ያለ ርካሽ ዕቃ ሳይቀየር ራዲያተር የሚያስበይድ ሰው ማየት ያሳዝነኛል።

ማርሚታ ቆርጦ ማስወጣት ድምፅ እንጂ ጉልበት አይጨምርም። የአየር ማጣሪያውን ማንሳትም በወሎ የጠጠር መንገድ ላይ አቧራውን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር መጋበዝ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ፍሬኑን ለመጨረሻ ማቆየት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከ25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ይለቀቃል፤ የሐረጎን ጥምዝ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። መኪናው በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን ያለው በመሆኑ መሠረቱ መልካም ነው፤ የሚያሳፍረው ያረጀ የፍሬን ዘይት ነው። አዲስ ዶት 3 ዘይት እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ይሁን እንጂ ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ውሃ የገባበት ዶት 3 በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል፤ ያኔ በቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው እንፋሎት ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር፣ የደረቁትን የጎማ ቱቦዎችና የፍሬን ሸራውን ማደስ፣ ቁልቁለቱንም አቀበቱን በሚያወጣው ማርሽ መውረድ ከየትኛውም የሞተር ማሻሻያ ሊቀድም ይገባል። ጎማን በተመለከተ ጥርሱ ብቻ ታይቶ አይገዛም፤ በጎኑ ላይ ከተጻፉት አራት አሃዞች የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ስለሚያመለክቱ 2319 የሚል ጎማ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

መኪናውን ዝቅ ለማድረግ ስፕሪንጉን መቁረጥ ወይም በእሳት ማለስለስ ብረቱን ያበላሸዋል፤ የሱስፔንሽኑን ልኬትም ያዛባል። መሪው የሚንቀዋለለው መኪናው ከፍ ስላለ አይደለም፤ ቡኮላውና (የመገጣጠሚያው ጎማ) ቴስቲናው (የመሪው ዘንግ ጫፍ) ስላለቁ ነው። እነዚህንና አራቱን ሾክ አብዞርበሮች የቀየረ ሰው በጥምዝ ላይ የሚያገኘው ልዩነት አሥር የፈረስ ጉልበት ከመጨመር ይበልጣል።

በመጨረሻም ሁሉንም በአንድ ቀን መለወጥ ስህተት ነው፤ ጀትና ማቀጣጠያ አብረው ከተነኩ የትኛው እንደጠቀመ ወይም እንደጎዳ መለየት አይቻልም። አንድ ነገር ይለወጥ፤ ከዚያም ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ጧት መንገዱ ነፃ ሲሆን ያው አንድ ዓይነት የሐረጎ አቀበት በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ፤ ከአንድ ምልክት እስከ ሌላው የፈጀው ሰከንድ፣ የካንዴላው ቀለምና የተገጠመው ጀት ቁጥር ከነቀኑ በደብተር ይጻፍ።