በላቴክ ሰነድ ውስጥ አማርኛ ሲጠፋ፣ በግራፍ ላይ ሳጥን ሲሆን፦ ችግርና መፍትሄ

ጽሑፍን በትእዛዝ በሚያቀናብረው ፕሮግራም በላቴክ በሚዘጋጅ የምርምር ጽሑፍ ውስጥ አማርኛ ሲገባ የሚያጋጥሙት ብልሽቶች ብዙ ቢመስሉም፣ አብዛኞቹ የሚመነጩት ጽሑፉን የሚያቀናብረው ፕሮግራምና ግራፉን የሚስለው ፕሮግራም ፎንታቸውን ለየብቻ ከመምረጣቸው ነው። ለአንዱ የተነገረው ለሌላው አይደርሰውም። ስለዚህ ፊደሉ በየትኛው ዘንድ እንደጠፋ ሳይለዩ ፓኬጅ (በላቴክ ላይ የሚጨመር ተቀጽላ) በፓኬጅ ላይ መደረብ ነገሩን ያወሳስበዋል እንጂ አይፈታውም።

ሰነዱ አልወጣም፣ ወይም አማርኛው ባዶ ሆኖ ወጣ

ኮምፓይል ሲደረግ አንድ የአማርኛ ፊደል ተጠቅሶ፣ ይህ የዩኒኮድ ቁምፊ ለላቴክ አልተዘጋጀም የሚል የስሕተት መልእክት ከመጣ፣ ሥራ ላይ ያለው ሞተር፣ ማለትም የተጻፈውን ወደ ፒዲኤፍ የሚለውጠው ፕሮግራም፣ ፒዲኤፍላቴክ ነው። ይህ ሞተር በአንድ ፎንት ውስጥ ከ256 በላይ ቁምፊዎችን በማይዝ የቆየ አሠራር ላይ የቆመ ሲሆን፣ በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የገባው የኢትዮጵያ ፊደል መሠረታዊ ሠንጠረዥ ግን ብቻውን 384 ቦታዎች አሉት። መፍትሄው ወደ ዚላቴክ ወይም ወደ ሉዋላቴክ መዞር ነው፤ ላቴክን በድረ ገጽ በሚያሠራው በኦቨርሊፍ ለሚሠራ ሰው ይህ በቅንብሩ ውስጥ ኮምፓይለር የሚለውን መለወጥ ብቻ ይጠይቃል። ከዚያም ከሰነዱ መግቢያ ላይ ኢንፑትኢንክና ፎንትኢንክ የሚባሉትን ፓኬጆች አውጥቶ በምትካቸው ፎንት የሚመረጥበትን ፎንትስፔክን ማስገባት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምልክት ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳስበኛል፤ ሞተሩ ተለውጦ ፎንት ሳይነገረው ከቀረ ሥራው ያለ ስሕተት ይጠናቀቃል፣ ፒዲኤፉም ይወጣል፣ አማርኛው በነበረበት ቦታ ግን ምንም አይታይም። ምክንያቱም ላቲን ሞደርን የተባለው ነባሪ ፎንት የእኛን ፊደል አልያዘም፤ የጎደለው ቁምፊም የሚመዘገበው ብዙ ሰው በማይከፍተው የሎግ (የኮምፓይል መዝገብ) ፋይል ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊያስረክብ አንድ ቀን የቀረው ተማሪ ያመጣልኝ ሰነድ ውስጥ፣ የአማርኛ ቃላት የሚዘረዘሩበት የሠንጠረዡ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነበር፤ ሎጉን ከፍተን «ሚሲንግ ካራክተር» የሚለውን ስንፈልግ ከ200 በላይ መስመሮች ተደርድረው አገኘን። ሙሉ ሰነዱ አማርኛ ከሆነ ዋናውን ፎንት ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ማድረግ ይበቃል። ሰነዱ እንግሊዝኛ ሆኖ የአማርኛ ምሳሌዎችን ብቻ የያዘ ከሆነ ደግሞ፣ በፎንትስፔክ አዲስ የፎንት ቤተሰብ ሰይሞ አማርኛውን በዚያ ትእዛዝ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። ከዚህ በተጨማሪ ትሬሲንግሎስትቻርስ የተባለውን መለኪያ 3 ላይ ማድረግን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ላቴክ ከሚሰራጭባቸው ስብስቦች አንዱ ከሆነው ከቴክ ላይቭ የ2021 ዕትም ወዲህ ይህ ቁጥር የጎደለውን ፊደል ሁሉ ወደ ግልጽ ስሕተት ይለውጠዋል።

በአንዱ ኮምፒውተር ሠርቶ በሌላው ፎንቱ አልተገኘም ካለ፣ ብዙውን ጊዜ የተመረጠው በቆዩ የዊንዶውስ ዕትሞች አብሮ ይመጣ የነበረው ኒያላ ሆኖ ይገኛል። በነፃ ፈቃድ የሚሰራጩትን ኖቶን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ከሰነዱ ጋር በአንድ ማህደር ውስጥ አስቀምጦ በፋይል ስማቸው መጥራት ይህን ችግር ከሥሩ ያስወግደዋል። ርእሶች ደምቀው መታየት ሲገባቸው እንደ ተራው ጽሑፍ ቀጥነው ከቀሩ ግን አቢሲኒካ ደማቅ ቅርጽ ስለሌለው ነውና ለርእስ ኖቶን መጠቀም ይገባል።

በቀመር ውስጥ ያለው የአማርኛ ግርጌ ቃል ጠፋ

በጽሑፉ ውስጥ የሚታየው «ከፍተኛ» የሚል ቃል በቀመር ውስጥ ከአንድ ተለዋዋጭ ግርጌ ሲጻፍ የሚጠፋው፣ የሒሳብ ፎንት ከጽሑፍ ፎንት የተለየ ስለሆነና ዋናውን ፎንት መለወጥ እርሱን ስለማይነካው ነው። ቃሉን በኤኤምኤስማት ፓኬጅ የቴክስት ትእዛዝ ውስጥ ማስገባት ይመልሰዋል።

በግራፉ ላይ ከፊደል ይልቅ ባዶ ሳጥኖች ታዩ

እዚህ ላይ ላቴክን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው፤ ሳጥኑ በግራፉ ፋይል ውስጥ ተስሎ የመጣ ነውና። በፓይተን ቋንቋ ግራፍ የሚሣልበት ማትፕሎትሊብ በነባሪነት የሚጠቀመው ዴጃቩ ሳንስ የአማርኛ ፊደል የለውም፤ ለምሳሌ «ሀ» ስትጎድል ፕሮግራሙ ቁጥር 4608 የሆነው ቁምፊ አሁን ባለው ፎንት ውስጥ የለም ብሎ ያስጠነቅቃል። በ2022 ከወጣው ዕትም 3.6 ጀምሮ የፎንት ቤተሰቡን በዝርዝር መስጠት ይቻላል፦ ዴጃቩ ሳንስ ይቀድማል፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይከተላል፣ ፕሮግራሙም በመጀመሪያው ያላገኘውን ፊደል ከሁለተኛው ይወስዳል። ፎንቱ ተጭኖ ሳለ አሁንም አልተገኘም የሚል ከሆነ ማትፕሎትሊብ ቀድሞ ያስቀመጠውን የፎንት ዝርዝር እያነበበ ነው፤ የተቀመጠውን ዝርዝር አጥፍቶ ፕሮግራሙን እንደገና ማስነሳት፣ ወይም በአድፎንት ትእዛዝ የፎንቱን ፋይል በቀጥታ መስጠት ያስፈልጋል።

ፊደሉ አለ፣ ግን አይነበብም

የማትፕሎትሊብ ነባሪ ግራፍ ስፋቱ 6.4 ኢንች፣ የፊደሉም መጠን 10 ነጥብ ነው። ይህ ግራፍ ባለ ሁለት ዓምድ በሆነ መጽሔት ውስጥ 3.5 ኢንች ስፋት ባለው ዓምድ ላይ እንዲገጥም ሲጠብ ፊደሉም አብሮ ወደ 5.5 ነጥብ ገደማ ይወርዳል። ለላቲን ፊደል ይህ ችግር ነው፤ ለእኛ ፊደል ግን ከዚያ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ትንሿ ቅጥል ከጎን መሃል ላይ ወይም ከእግር ሥር መሆኗ ብቻ ሲሆን፣ በዚህ መጠን ሲታተም ሁለቱ ይደበላለቃሉ። ብዙዎች ፊደሉን በማሳደግ ሊያስተካክሉት ይሞክራሉ፤ ትክክለኛው መንገድ ግን ግራፉን ከመጀመሪያው በሚታተምበት ስፋት መሣል ነው። የዓምዱን ስፋት ላቴክ ራሱ በነጥብ እንዲያትም አድርጎ በአንድ ኢንች ውስጥ ላሉት 72.27 ነጥቦች ማካፈል ኢንቹን ይሰጣል፤ 252 ነጥብ ከሆነ 3.49 ኢንች ማለት ነው። ያንን ስፋት ለማትፕሎትሊብ ሰጥቶ፣ ፊደሉን 8 ነጥብ አድርጎ፣ በላቴክ ውስጥ ያለ ምንም የስፋት ትእዛዝ ማስገባት ነው። ግራፉ ሲቀመጥ በዙሪያው ያለውን ነጭ ቦታ የሚቆርጠው «ታይት» የተባለው አማራጭ የሰጡትን ስፋት ስለሚለውጥ እዚህ ላይ መተው አለበት።

አሳታሚው ፋይሉን መለሰው

ምክንያቱ ዓይነት 3 (በፒዲኤፍ ውስጥ ፎንት ከሚቀመጥባቸው መንገዶች አንዱ) የሆነ ፎንት ነው ከተባለ፣ ምንጩ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ግራፉ ነው፤ ማትፕሎትሊብ በፒዲኤፍ ሲያስቀምጥ በነባሪነት ይህን ዓይነት ይጠቀማል። የፒዲኤፍ ፎንትታይፕ የሚለውን መለኪያ ከ3 ወደ 42 ለውጦ ግራፎቹን ሁሉ እንደገና ማስቀመጥ ይፈታዋል፤ አንድ የቆየ ግራፍ ብቻ ቢቀር ሰነዱ ተመልሶ ይመጣል። ከመላክ በፊት ፒዲኤፍፎንትስ በተባለው መሣሪያ የተጠናቀቀውን ሰነድ ፈትሾ፣ በዓይነት ዓምዱ ላይ 3 አለመኖሩን፣ ፎንቱ በፒዲኤፉ ውስጥ መታቀፉን በሚያሳየው ዓምድ ላይም ለሁሉም ፎንት «የስ» መጻፉን ማየት ይገባል።